ንባቡ ተይዟል፣ ትርጓሜው ቀርቷል

እናቲቱ 67 ዓመታቸው ነው። ለአሜሪካ ዜግነት ቃለ መጠይቅ ሦስት ሳምንት ሲቀራቸው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ወደምናስተምርበት ክፍል ልጃቸው ይዛቸው መጣች። «ጋሼ፣ እማዬ ጥያቄውን ሁሉ ይዛዋለች፤ እንግሊዝኛውን ብቻ ትንሽ ያለማምዱልኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ይዘውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፕሬዚዳንቱ ማን ነበር ስላቸው ጥያቄውን ሳልጨርስ «ፍራንክሊን ሩዝቬልት» አሉ። ሕገ መንግሥቱ ስንት ማሻሻያ አለው? 27። በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ የሚሰጡት አባላት ስንት ናቸው? 435። እንደ ዳዊት ያንበለብሉታል።

ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ ከማመልከቻ ፎርማቸው ላይ አንዱን በእንግሊዝኛ ጠየቅኳቸው፤ «አሜሪካዊ ዜጋ ነኝ ብለው ያውቃሉ ወይ?» የሚለውን። ፊታቸው በራ። «የስ!» አሉ። ልጃቸው ደነገጠች። እሳቸው ከጥያቄው ውስጥ የለዩት «ሲቲዝን» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር፤ ሲቲዝን መሆን ይፈልጋሉ ወይ ያልኳቸው መስሏቸዋል። ዜጋ ሳይሆኑ ዜጋ ነኝ ማለት ደግሞ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ከከባድ ጥፋቶች አንዱ ነው፤ ዜግነት ከማስከልከል አልፎ ከአገር እስከማስወጣት ሊያደርስ ይችላል።

ነገሩን በአማርኛ ሳስረዳቸው ራሳቸውን ይዘው ቆዩና «አባቴ መሪጌታ ነበሩ» አሉኝ። «ተማሪዎቹ ሲደግሙ እየሰማሁ ዳዊቱን በሰባት ዓመቴ በጆሮዬ ይዤው ነበር። ትርጓሜውን ግን ለሴት ልጅ ማን ይነግራል? ይኸም እንደዚያው ሆነብኝ፤ ንባቡ አለኝ፣ ትርጓሜው የለኝም።»

ስለ ዜግነት ፈተና ዝግጅት ብዙ ምክር ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ግን አልሰማሁም። በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ መጀመሪያ ንባቡን ይይዛል። የግእዙ ምሥጢር አይገባውም፣ ቃሉ ግን አይስተውም። ትርጓሜው ቆይቶ፣ መጽሐፍ ቤት ሲገባ፣ መምህሩ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በየመልኩ ሲፈታለት ከእግሩ ሥር ይመጣል። ቃል በቃል መያዝን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ይህን ያህል ጥያቄ በዚህ ዕድሜ፣ በባዕድ ቋንቋ መያዝ ትልቅ ጉልበት ነው። የሚያሳዝነኝ ወገናችን ይህን ሁሉ ደክሞ ንባቡ ላይ መቆሙ ነው። ኢንተርቪው ክፍል ውስጥ የሚጎዳውም ይኸው ነው፤ ዜጋ ከሆነ በኋላም ይከተለዋል።

ፈተናው በቅርቡ ስለተለወጠ ወሬው ተደበላልቋል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ሲሠራበት የቆየው ዝርዝር 100 ጥያቄ አለው፤ ኦፊሰሩ እስከ 10 ይጠይቃል፣ ስድስቱን የመለሰ ያልፋል። ማመልከቻውን ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ወዲህ ያስገባ ሰው ግን በአዲሱ ዝርዝር ነው የሚፈተነው። ጥያቄዎቹ 128 ናቸው፤ ከእነሱ እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። 12 ሲሞላ ወይም 9 ሲሳሳት ጥያቄው እዚያው ይቆማል። ሁሉም በቃል ነው። እንግሊዝኛው ለብቻው ይታያል፤ ከሦስት ዓረፍተ ነገሮች አንዱን በትክክል ማንበብ፣ ከሦስት አንዱን መጻፍ። የወደቀ ሰው በወደቀበት ክፍል ብቻ ከ60 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደገና ይፈተናል። ለማመልከቻው፣ ማለትም ለኤን-400 ፎርም፣ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ በወረቀት 760፣ በኦንላይን 710 ዶላር ይከፈላል። ጥያቄውም መልሱም አስቀድሞ ታትሞ በነፃ ይታደላል፤ በዚህ በኩል ሰውን ለማጥመድ የተሠራ ፈተና አይደለም።

«እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ በአማርኛ ነው የምፈተነው» የሚሉ ብዙ አሉ። ዕድሜ ብቻውን አያድንም፤ የግሪን ካርዱም ዕድሜ ይቆጠራል። 50 ዓመት ሞልቶት በግሪን ካርድ 20 ዓመት የኖረ፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ነፃ ነው፤ ጥያቄውን በአስተርጓሚ ይመልሳል። 65 ሞልቶት 20 ዓመት የኖረ ደግሞ የሚያጠናው 20 ጥያቄ ብቻ ነው፤ አሥር ይጠየቃል፣ ስድስት ይበቃዋል። የመርሳት ሕመም ወይም ሌላ መማርን የሚያግድ ሕመም ላለበት ሐኪም የሚሞላው የተለየ ፎርም አለ። የእኛዋ እናት ግሪን ካርዳቸው ገና 12 ዓመቱ ነው፤ አንዱም አይመለከታቸውም። ሦስት ዓመት ቢታገሡ በአማርኛ ይፈተኑ ነበር። ለምን አይታገሡም ብዬ ጠየቅኩ። አዲስ አበባ ያገባ ልጅ አላቸው። ግሪን ካርድ ያለው ወላጅ ላገባ ልጅ ማመልከት አይችልም፤ ዜጋ ብቻ ነው የሚችለው፤ ያም ሆኖ ወረፋው ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። በ67 ዓመት ላይ ያለች እናት ሦስት ዓመት ከየት ታምጣ?

ሌላም በየቤቱ የማይነገር ነገር አለ። ወላጆች ለሠርግ ብለው ይሄዱና ለቅሶ ይደርሳል፣ ተዝካር ይከተላል፣ ክረምቱም እዚያው ያልፋል። ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ መቆየት የነዋሪነቱን ቀጣይነት ጥያቄ ውስጥ ያስገባል፤ ዓመት ከሞላ ይቆርጠዋል። ስንቱ ሰው ጥያቄውን ሁሉ ይዞ በቲኬቱ ምክንያት ይመለሳል!

ወደ «የስ» ልመለስ። ሰው የሚያጠናው 128ቱን ጥያቄ ነው፤ የሚደናቀፈው ግን ፎርሙ ላይ ነው። ኦፊሰሩ የእንግሊዝኛ ንግግርን የሚለካው በዋነኛነት ፎርሙን ይዞ በሚያደርገው ጭውውት ነው። ፎርሙ ላይ ያሉት ጥያቄዎች ደግሞ ለኢትዮጵያዊ፣ በተለይ በደርግ ዘመን ላለፈ ሰው፣ ቀላል አይደሉም። በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስ፣ በሚሊሻ ወይም በታጠቀ ቡድን ውስጥ ነበሩ ወይ? እስር ቤት ወይም ሰው የታሰረበት ቦታ ሠርተው ያውቃሉ ወይ? የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ነበሩ ወይ? ሰው ሲሰቃይ ወይም ሲገደል እጅዎ ነበረበት ወይ? በብሔራዊ ውትድርና የዘመተ፣ አብዮት ጥበቃ ሆኖ ጥቂት ወር ጠመንጃ ያነገበ፣ ሥራው እንዳይቀርበት ወደ ደርጉ ፓርቲ ኢሠፓ የገባ፣ ከእነዚህ አንዱ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

ሰፈር ለሰፈር የሚሰጠው ምክር ግን አንድ ነው፤ «እዚያ ያለውን ሁሉ 'ኖ' በል»። ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ክፉ አሳቢ አይደሉም፤ እነሱም እንዲሁ ተብለው ነው ያለፉት። ምክሩ ግን አደገኛ ነው። አንደኛ፣ ፎርሙ መጨረሻ ላይ ሕገ መንግሥቱን ይደግፋሉ ወይ፣ ቃለ መሐላውን ለመፈጸም ፈቃደኛ ነዎት ወይ የሚሉ ጥያቄዎች አሉ። «ኖ» በማለት የሠለጠነ ምላስ እዚህም «ኖ» ይላል፤ በልምምዳችን ላይ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሁለተኛው ይብሳል። እውነቱ ብዙውን ጊዜ አይጎዳም፤ ውሸቱ ግን በማንኛውም ሰዓት ሊመለስ ይችላል። የፓርቲ አባልነትን የሚከለክለው ሕግ የሚቆጥረው በመሠረቱ ከማመልከቻው በፊት ያሉትን 10 ዓመታት ነው፤ ተገዶ ወይም ሥራና የምግብ ራሽን ለማግኘት ሲል የገባን ሰውም ለይቶ ያያል። ይህን የነገርኩት አንድ አባት «ራሽን ነው ያልከው? እነሱ ራሽንን ከየት ያውቁታል?» አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ደብቆት የኖረው ነገር ሕጉ ውስጥ ስም ያለው አልመሰለውም ነበር። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ፎርሙን ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ የጎረቤት ምክር አይበቃውም።

መደበቅ የት እንደሚያደርስ የእኛው ማኅበረሰብ ያውቃል። በቀይ ሽብር ጊዜ የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ አትላንታ ውስጥ ሆቴል ሲሠራ፣ በእሱ እጅ በተሰቃየች ኢትዮጵያዊት ተለየ። ያገኘው የአሜሪካ ዜግነት እ.ኤ.አ. በ2004 ተሰረዘ፤ በ2006 ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ። ዴንቨር ላይም የከፍተኛ 15 እስር ቤት ጠባቂ የነበረ ሰው በሌላ ሰው ስም ዜጋ ሆኖ ሲኖር ተደርሶበት በ2014 የ22 ዓመት እስር ተፈረደበት። ራሽን ፈልጎ ኢሠፓ የገባውን ከእነዚህ ጋር ማነጻጸሬ አይደለም። ጥያቄው ፎርሙ ላይ የሰፈረው ለምን እንደሆነ የተረዳ ሰው ግን «ኖ» የሚለውን እንደ ድግምት አይደግመውም። እነዚያ ጥያቄዎች የእኛን ሙታንም ይጠብቃሉ።

አሁን ወደ 128ቱ። እዚህ ላይ ነው ትርጓሜ ምን እንደሚሠራ ያየሁት።

ከክፍላችን ተማሪዎች አንዱ ወንዙን ተሻግሮ ከዋሽንግተን የሚመጣ የታክሲ ሹፌር ነው። ኤርፖርት ወረፋ ሲጠብቅ ጥያቄዎቹን መኪናው ውስጥ ከፍቶ ያዳምጣል፤ ድምፁን ብቻ እየተከተለ አንድ ዓመት አዳምጧቸዋል። ቅኝ ግዛቶቹ ከእንግሊዝ ለምን ተለዩ? መልሱን በእንግሊዝኛ ጥርት አድርጎ አለ፤ ያለ ውክልና ግብር በመክፈላቸው። ምን ማለት ነው? አላወቀም። ቀጥዬ ሴናተርህ ማን ነው አልኩት። የቨርጂኒያውን ጠራልኝ፤ እሱ ግን የሚኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ ዲሲ ደግሞ ሴናተር የለውም፤ የእሱ ትክክለኛ መልስም «ዲሲ ሴናተር የለውም» የሚለው ነው። «እንዴ፣ ግብር እኮ እከፍላለሁ!» አለ። ታርጋህን አይተኸው ታውቃለህ ወይ አልኩት። የዲሲ መኪኖች ታርጋ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ያ ሐረግ ተጽፎበታል። ከምድር ቤቱ ወጥቶ መኪናው ዘንድ ሄደ። ሲመለስ ለደቂቃ ያህል አልተናገረም። «ይዤው ስዞር ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ጥያቄ አይረሳውም፤ ዜጋ ሲሆን ድምፅ ምን እንደሚያደርግለትም ያውቃል።

ሌላው ሙሉ ቅዳሜ የወሰደብን የሕግ የበላይነት ነው። ጥያቄው በአሮጌውም በአዲሱም ዝርዝር አለ፤ መልሱ አጭር ነው፤ ማንም ከሕግ በላይ አይደለም፣ መሪዎችም መንግሥትም ሕግን ማክበር አለባቸው። ጎንደር ያደጉ አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ። «እኛ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ነው ያደግነው» አሉ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነበር። ተረቱና መልሱ ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ከኋላ የተቀመጠች የሆስፒታል ነርስ ረዳት «በሕግ አምላክስ?» አለች። እውነት ነው፤ መንገድ ላይ የሚጣሉ ሁለት ሰዎችን አንድ አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ብሎ ማቆም ይችል ነበር፤ ሕግ በአገራችን ባዕድ ሆኖ አያውቅም። «እሱማ ለኛ ለእኩዮቹ ነበር» አሉ አዛውንቱ፤ «ወደ ላይ በሕግ አምላክ ያለ ማን ነበር?» ክርክሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝባቸው የሰጡት መሆኑ ተነሣ፤ የአሜሪካው ደግሞ «እኛ ሕዝቡ» ብሎ መጀመሩ፣ እነዚያ ቃላትም ራሳቸው የፈተና ጥያቄ መሆናቸው። በሰጪና በተቀባይ መካከል ያለው ልዩነት ያን ቀን እንደገባን በሌላ ጊዜ ገብቶን አያውቅም፤ እኔም ጭምር። አዛውንቱ መልሱን በእንግሊዝኛ የያዙት ከክርክሩ በኋላ ነው፣ ያውም በአሥር ደቂቃ።

ለዚህ ነው መጀመሪያ በአማርኛ የምለው። የብዙ ልጆች ስህተት ወላጅን በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛው ድምፅ መግፋት ነው፤ ጊዜ የለማ፣ የማታ ፈረቃ አለ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ይመጣል። አንድ ጥያቄ በአማርኛ ተብላልቶ ያደረ እንደሆነ እንግሊዝኛው የሚቀመጥበት ቦታ ያገኛል። ቦታ ያላገኘ ቃል ኦፊሰሩ አጠያየቁን ትንሽ ሲለውጠው ይበተናል።

አንዱ ጥያቄ ደግሞ ከሌሎቹ ይለያል። ወደ አሜሪካ ተወስደው በባርነት የተሸጡት እነማን ናቸው? መልሱ አንድ ቃል ነው፤ አፍሪካውያን። አንዲት ተማሪ «እኛን ማለት ነው?» አለችኝ። ጥያቄዋ ቀላል መልስ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1790 የወጣው የመጀመሪያው የአሜሪካ የዜግነት ሕግ በሩን የከፈተው ለነፃ ነጮች ብቻ ነበር። ለአፍሪካ ተወላጆችና ለአፍሪካውያን ዘር የተከፈተው በ1870 ነው፣ ከርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፤ በባርነት የነበሩት ሰዎች ደም ከፈሰሰ በኋላ። ዛሬ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከደሴ የመጣ ሰው ኦፊሰር ፊት መቀመጥ የቻለው በዚያ መንገድ ነው። በደቡብ ግዛቶች ጥቁር አሜሪካዊ ድምፅ እንዳይሰጥ ታስቦ የሚሰጠው የንባብ ፈተና በሕግ የተሰበረውም ገና በ1965 ነው። እኛ በፈተና ወደ ውስጥ ስንገባ በፈተና ወደ ውጭ የተገፉ ሰዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው መልሱን ሊያገኝ ይችላል፤ ከማን ጋር ዜጋ እንደሚሆን ግን አያውቅም። ጥቁር አሜሪካውያንን «እነሱ» ብለን በምንጠራበት ቃና ውስጥ ይህ አለማወቅ አለ፤ ያሳፍረኛል።

እናቲቱ ሁለተኛውን ቅዳሜ ፎርሙ ላይ አሳለፉት። «ፕሊዝ ሪፒት» ማለት ተማሩ፤ ያልገባውን ጥያቄ ይደገምልኝ ማለት እንደማያስነውር፣ እንደማያስወድቅም ማወቃቸው ብቻውን ትከሻቸውን አቀለለው። ዜጋ ነኝ ብለው ያውቃሉ ወይ ስላቸው አሁን በእንግሊዝኛ «ኖ» ይላሉ፤ ምን እያሉ እንደሆነም ያውቃሉ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ቃለ መሐላው ላይ ሄደ። ከጥያቄዎቹ አንዱ አዲስ ዜጋ በመሐላው ከሚገባቸው ቃሎች ሁለቱን ጥራ ይላል፤ ከመልሶቹ የመጀመሪያው ለሌላ አገር ያለን ታማኝነት መተው ነው። ልጃቸው ይህን «አገርን መካድ» ብላ ነበር የተረጎመችላቸው። «ካጂ ነው የሚሉኝ?» አሉኝ፤ ድምፃቸው ወረደ። መካድ በእኛ አፍ ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ቃል ነው፤ ሰማዕታት እምቢ ብለው የሞቱበት ነው። ላባብላቸው አልፈለግኩም፤ የሚያጡት ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል ይላል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባቸዋል፣ ሠርተው እንዲኖሩ ይፈቅድላቸዋል፤ ድምፅ መስጠትና መመረጥን ግን አይመልስላቸውም። ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። አባታቸው የተቀበሩበት ደብር፣ ጥምቀት፣ ልጃቸው፣ ቋንቋቸው በአዋጅ እንደማይነካም ነገርኳቸው፤ ያም እውነት ስለሆነ።

ብዙ ቆዩ። ከዚያ ደብተራቸውን ከፈቱና ልጃቸው «መካድ» ብላ ከጻፈችው ቃል አጠገብ፣ ሳይሰርዙት፣ በራሳቸው እጅ «አንድም መሰናበት» ብለው ጨመሩበት።

ቃለ መጠይቃቸው የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ፌርፋክስ ነው።